ከጉልበት በላይ

ማየት የተሳነው ሰው የሚይዘው ነጭ በትር ሥራው ከመሬት ጋር ነው። ጫፉ ከእግር ቀድሞ እየሄደ ቦዩን፣ የደረጃውን ጠርዝ፣ ክዳኑ የተነሳውን የፍሳሽ ጉድጓድ፣ መንገድ ላይ የተተወውን ድንጋይ ለባለቤቱ ይነግረዋል። ባትሪ አይፈልግም፤ ኔትወርክ ጠፋ አይልም፤ ዝናብ አይበግረውም። ኤሌክትሮኒክስ ከተስፋፋ ወዲህ ብዙ መሐንዲሶች በትሩን የሚተካ መሣሪያ ለመሥራት ደክመዋል። በትሩን ከእጅ አስጥሎ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘ መሣሪያ ግን እስካሁን የለም።

ሆኖም በትሩ የማይደርስበት አንድ ሰፊ ክልል አለ። እሱም ከጉልበት በላይ ያለው ነው።

የእግረኛ መንገዱን ዘግቶ የቆመ አንድ አይሱዙ እናስብ። የጭነት ሳጥኑ ከኋላ ጎማዎቹ አልፎ በደረት ቁመት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ያለው ቦታ ክፍት ነው። የበትሩ ጫፍ በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል የሚነካው ነገር የለም። ባለቤቱም መንገዱ ነጻ መስሎት አንድ እርምጃ ይጨምራል። ብረቱን ቀድሞ የሚያገኘው ደረቱ ወይም ፊቱ ነው። ወደ ውጭ የተከፈተ መስኮት፣ ዝቅ ብሎ የወጣ የሱቅ ቆርቆሮ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ለግንባታ የተጋደመ አጣና፣ ከሥሩ ባዶ የሆነ የደረጃ ጀርባ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ተመራማሪዎች ከ300 በላይ ማየት የተሳናቸው ሰዎችን ጠይቀው ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከመላሾቹ 13 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ጭንቅላታቸውን ከአንድ ነገር ጋር እንደሚያጋጩ ተናገሩ። ለዚህ ጉዳት የተጋለጡት በትር መያዝ የማይችሉበት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ የሠለጠነ እጅም ቢሆን ጫፉ ያልነካውን አያውቅም።

ይህ ምዕራፍ ያንን ክፍተት በርካሽ ለመሙላት ስለተሠሩ መሣሪያዎች ይናገራል። ትልቁን ቦታ የያዘው የሕንዱ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ መሣሪያው ከላቦራቶሪ ጠረጴዛ ተነሥቶ በተራ ሰው እጅ እስከሚገባበት ድረስ ያለው መንገድ ሙሉ በሙሉ ተሂዶበታል።

ዱላው መሣሪያ የሆነበት ጊዜ

ዓይነ ስውራን በዱላ እየተመሩ መጓዛቸው ጥንታዊ ነው። ዱላው ነጭ የሆነው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ይኖሩ የነበሩት ጄምስ ቢግስ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። በአደጋ ዓይናቸውን ካጡ በኋላ በቤታቸው አካባቢ የበዛው መኪና አሳሰባቸው። በ1921 ሾፌሮች ከሩቅ እንዲያዩዋቸው ብለው ዱላቸውን ነጭ ቀለም ቀቡት። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ ጊዪ ዴርብሞን የተባሉ ፈረንሳዊት በፓሪስ ለሚኖሩ ዓይነ ስውራን ነጭ በትር የማደል ዘመቻ ጀመሩ።

እስከዚያ ድረስ ነጩ በትር ለሌላው ሰው የሚታይ ምልክት ነበር። ለባለቤቱ መንገድ የሚያነብ መሣሪያ ያደረጉት ሪቻርድ ሁቨር ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በሚገኘው የቫሊ ፎርጅ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ዓይናቸው የጠፋ ወጣት ወታደሮች በብዛት ይገቡ ነበር። ሁቨር ቀደም ሲል የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላም የዓይን ሐኪም ሆኑ። ለወታደሮቹ እስከ ደረት አጥንት የሚደርስ፣ ቀጭንና ቀላል በትር አዘጋጁና አያያዙን አስተማሩ። ግራ እግር ሲራመድ የበትሩ ጫፍ ወደ ቀኝ ሄዶ መሬት ይነካል፤ ቀኝ እግር ሲራመድ ወደ ግራ ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ እግር የሚያርፍበት ቦታ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ተፈትሾ ይቆያል።

ይህ ስልት እስከ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሰጠው የጉዞ ሥልጠና መሠረት ነው። በ1964 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጥቅምት 5 ላይ የሚውለውን፣ በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 15ን፣ የነጭ በትር ቀን ብለው ካወጁ በኋላ ቀኑ በብዙ አገሮች መከበር ጀመረ።

የሁቨርን ታሪክ ለዚህ ምዕራፍ አስፈላጊ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። በትሩን የለወጠው የተሠራበት ብረት ወይም እንጨት ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ሥልጠናው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ውድ መሣሪያዎች ለመውደቃቸው አንዱ ምክንያት ይህን መዘንጋታቸው ነው።

ድምፅ ሄዶ ሲመለስ

ጣሊያናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ1790ዎቹ የሌሊት ወፎች ዓይናቸው ቢታወርም በክፍል ውስጥ የተዘረጉ ክሮችን ሳይነኩ እንደሚበሩ አረጋገጡ። የጄኔቫው ሉዊ ዡሪን ደግሞ ጆሯቸው ሲደፈን ከነገር ጋር እንደሚጋጩ አሳዩ። ለምን? መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ1930ዎቹ መጨረሻ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ዶናልድ ግሪፊን የሰው ጆሮ የማይሰማውን እጅግ ቀጭን ድምፅ በሚይዝ መሣሪያ የሌሊት ወፎቹን ሲያዳምጡ፣ እንስሳቱ ያለማቋረጥ እንደሚጮኹና የጩኸታቸውን የገደል ማሚቶ እየሰሙ እንደሚበሩ ታወቀ።

ሰውም በመጠኑ ይህን ይችላል። አሜሪካዊው ዳንኤል ኪሽ ገና በሕፃንነታቸው በዓይን ካንሰር ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን አጥተዋል። በምላሳቸው ቀጭ እያሉ ከግድግዳ፣ ከዛፍና ከቆመ መኪና የሚመለሰውን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ብስክሌት እስከ መንዳት ደርሰዋል፤ ለሌሎችም ያስተምራሉ። እኚህ ሰው በእግራቸው ሲጓዙ ግን ረጅም በትራቸውን አይተዉም። ከፊት ያለውን ትልቅ ነገር ጆሮ ይነግራቸዋል፤ ከእግራቸው ሥር ያለውን ጉድጓድ የሚነግራቸው በትሩ ነው።

ሴንሰር የተገጠመለት ዘመናዊ በትር የሌሊት ወፏን ዘዴ በትንሽ መሣሪያ ይደግመዋል። በእጀታው ላይ ያለ ሴንሰር በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይለቃል፤ አልትራሳውንድ ይባላል። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ በላይ ስለማይሰማ ማንንም አይረብሽም። ድምፁ ከፊት ካለ ነገር ጋር ሲጋጭ ይመለሳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ግድግዳው በ2 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ድምፁ ሄዶ ለመመለስ 4 ሜትር ይጓዛል፤ የሚወስድበትም ጊዜ ከአንድ ሰከንድ መቶኛ ብዙም አይበልጥም። በእጀታው ውስጥ ያለች ትንሽ ኮምፒዩተር ጊዜውን ለክታ ርቀቱን ታሰላለች። ከዚያ በእጀታው ውስጥ ያለው የስልክ ንዝረት ዓይነት ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ ነገሩ ሲቀርብ ንዝረቱ ይፈጥናል።

መልእክቱ በጆሮ ሳይሆን በመዳፍ እንዲመጣ የተመረጠው በጥሩ ምክንያት ነው። ማየት ለተሳነው እግረኛ ጆሮ ሥራ የበዛበት የስሜት አካል ነው። የመኪናውን አመጣጥ፣ የሰዉን እርምጃ፣ የመንገዱን ስፋት፣ የመስቀለኛ መንገዱን መድረስ የሚያውቀው በጆሮው ነው። ያንን ጆሮ በማስጠንቀቂያ ጩኸት መሙላት አንዱን አደጋ ለማስቀረት ሌላ አደጋ መጨመር ይሆናል። ንዝረት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ አማርኛም ይናገር ሂንዲ፣ ይማር አይማር፣ ለማንኛውም ተጠቃሚ እኩል ይገባል።

ዋጋው የዘጋው በር

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ ሌስሊ ኬይ የተባሉ መሐንዲስ እንደ ባትሪ መብራት በእጅ ተይዞ ወደ ፊት የሚጠቆም የአልትራሳውንድ መሣሪያ ሠርተዋል። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሌዘር የተገጠመለት በትር ለገበያ ቀርቧል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በእንግሊዝ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሌሊት ወፍ ከተካሄደ ምርምር አልትራኬን የተባለ በትር ተወለደ። ይሠራል፤ በደንብም ይሠራል። ዋጋው ግን ከ500 ፓውንድ በላይ ነበር።

በቱርክ የተሠራው ዊዎክ ታሪኩ ይለያል። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ኩርሻት ጄይላን ራሳቸው ማየት የተሳናቸው ናቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ እጃቸው በትር፣ በሌላው ሻንጣ ይዘው፣ መንገድ የሚመራቸውን ስልክም እየተከታተሉ ወደ ሆቴላቸው ሲሄዱ ከምሰሶ ጋር ተጋጭተው ግንባራቸው እንደተጎዳ ይናገራሉ። ከላይ ያለውን እንቅፋት የሚያገኝና ከስልክ ጋር የሚነጋገር በትር የመሥራት ሐሳብ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ታይም መጽሔት በ2019 ከዓመቱ ምርጥ ፈጠራዎች ተርታ አስገብቶታል። ለገበያ የወጣው በ500 ዶላር ገደማ ነበር።

አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ የድጋፍ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ በትር። ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት አያገኙም። በሀብታም አገሮች ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች 90 በመቶው ሲያገኝ በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያገኘው 3 በመቶ ብቻ ነው። ማየት ከተሳናቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት ደግሞ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ስለዚህ 500 ዶላር የሚያወጣው በትር የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ለአብዛኞቹ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ከዴልሂ የወጣው እጀታ

በ2000ዎቹ አጋማሽ በሕንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዴልሂ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ኤም. ባላክሪሽናን ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎቻቸው የሰጡት ፕሮጀክት ከዓይነ ስውራን ኑሮ ጋር የተያያዘ ነበር። ተማሪዎቹ መሣሪያ ከመሥራታቸው በፊት ተጠቃሚዎቹን ማነጋገር ነበረባቸው። ያነጋገሯቸው ሰዎች በትራቸው እንዲለወጥ አልጠየቁም። የጠየቁት በትሩ የማያገኘውን፣ ከጉልበት በላይ ያለውን ነገር የሚነግራቸው ዘዴ ነው።

በዚህ ምክንያት የተሠራው አዲስ በትር ሳይሆን እጀታ ሆነ። ተጠቃሚው በገበያ ላይ በሚገኘው ተራ ታጣፊ በትር ላይ ይሰካዋል፤ ሲፈልግ ይነቅለዋል። ባትሪው ቢያልቅ ወይም ኤሌክትሮኒክሱ ቢበላሽ በእጁ የሚቀረው የታወቀው ነጭ በትር ነው፤ መንገድ ላይ አያስቀረውም። ሴንሰሩ ሁለት የርቀት ምርጫ አለው። ከቤት ውጭ እስከ 3 ሜትር ያያል። ቤት ውስጥና ሰው በበዛበት ቦታ ወደ 1.8 ሜትር ያጥራል፤ አለዚያ በእያንዳንዱ ወንበርና ሰው ምክንያት ንዝረቱ አያቋርጥም። ባትሪው እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል።

በዓይናቸው ለሚያዩት መሐንዲሶች ያልታያቸው ብዙ ነገር ከተጠቃሚዎቹ መጣ። ሰው በትሩን የሚይዘው በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። አንዱ አመልካች ጣቱን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ሌላው እንደ እስክሪብቶ ይዞ፣ ሌላው መዳፉን ሙሉ ጨብጦ ይሄዳል። የአያያዙ ማዕዘን ሲለወጥ ሴንሰሩ የሚጠቁምበት አቅጣጫም ይለወጣል፤ ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ይሄዳል። ስለዚህ እጀታው ለተለያየ አያያዝ እንዲመች ተደርጎ ተቀረጸ። ንዝረቱም በአንድ ነጥብ ሳይሆን እጀታውን በሞላ እንዲሰማ ሆነ፤ ጣት የት እንዳረፈ ማን ያውቃል?

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ የጉዞ ክፍል የምርምር አልነበረም። ከእንግሊዙ ዌልካም ትረስት የገንዘብ ድጋፍ ተገኘ። በቼናይ ከተማ የሚገኘው ፊኒክስ ሜዲካል ሲስተምስ የተባለ የሕክምና መሣሪያ አምራች የማምረቱን ሥራ ያዘ። ራሳቸው ማየት የተሳናቸው ዲፔንድራ ማኖቻ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት ሳክሻም የተባለ ድርጅት ደግሞ በሙከራው፣ በሥልጠናውና በስርጭቱ ተሰለፈ። በ2014 ስማርትኬን በሚል ስም ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 3,000 ሩፒ ሆነ፤ በጊዜው ምንዛሪ 50 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ቀደም ብለው ከተጠቀሱት ውድ በትሮች ዋጋ አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች መሆኑ ነው። የሕንድ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች መሣሪያ በድጎማ ወይም በነጻ በሚያቀርብበት መርሐ ግብር ውስጥም ገባ።

ሦስቱ ወገኖች፣ ማለትም ላቦራቶሪው፣ ፋብሪካውና የተጠቃሚዎቹ ድርጅት፣ አንዱ ቢጎድል ውጤቱ ይህ አይሆንም ነበር። ላቦራቶሪው ብቻውን አሥር ናሙና ሠርቶ ያቆማል። ፋብሪካው ብቻውን ለገዢ የሚያምር፣ ለእጅ የማይመች ዕቃ ያወጣል። ድርጅቱ ብቻውን የሚያድለው የለውም።

የጥቂት ዶላሩ ናሙና

ዛሬ አንድ የምህንድስና ተማሪ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ተመሳሳይ መሣሪያ መሥራት ይችላል። በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሪያ ከተማ የተጀመረው አርዱዊኖ የተባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ዲዛይኑ ለማንም ክፍት ነው፤ ርካሽ ቅጂዎቹ በየአገሩ ይገኛሉ። ሁለት ክብ የብረት ዓይኖች ያሉት የአልትራሳውንድ ሴንሰር ከአንድ እስከ ሁለት ዶላር ያወጣል። አንደኛው ክብ ድምፅ ይለቃል፤ ሌላኛው ይሰማል። ከሁለት ሴንቲሜትር እስከ አራት ሜትር ይለካል። ትንሽ የንዝረት ሞተር፣ ባትሪና ማብሪያ ማጥፊያ ሲጨመሩበት ይሠራል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን የመሰለ በትር ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚያቀርቡ ተማሪዎች አሉ።

ታዲያ ናሙናው ጥቂት ዶላር ከፈጀ ምርቱ ለምን 50 ዶላር ይሆናል? ልዩነቱ ያለው ጠረጴዛ ላይ በማይታዩ ነገሮች ነው። በትር በቀን ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ ናሙናው አንዴ ሲወድቅ ሽቦው ይነቀላል። አቧራ የሴንሰሩን አፍ ይደፍናል። ዝናብ ይገባበታል። ማብሪያው በጣት ተዳስሶ የሚለይ መሆን አለበት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቀይ መብራት ማብራት ለማያይ ሰው ምንም አይነግርም፤ በድምፅ ወይም በንዝረት መናገር አለበት። የቻርጀሩ መሰኪያ ያለ ዓይን እርዳታ በትክክል መግባት አለበት። ክብደቱም ቀላል አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ግራና ቀኝ ለሚወዛወዝ የእጅ አንጓ እያንዳንዱ ግራም ይሰማዋል።

ሴንሰሩም የራሱ ድካም አለበት። ለስላሳና ዘንበል ያለ ግድግዳ ድምፁን ወደ ጎን ስለሚያንሸራትተው የሚመለስ ነገር ላይኖር ይችላል። ወፍራም ጨርቅ ድምፁን ይውጠዋል። ቀጭን ሽቦ አይታይም። በገበያ መካከል በዙሪያው ሰው ሲበዛ መሣሪያው ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያው ትርጉም ያጣና ባለቤቱ ያጠፋዋል። ከሁሉ በላይ ወደ ፊት የሚመለከት ሴንሰር ጉድጓድ አያገኝም። ጉድጓድ የነገር አለመኖር ነውና ድምፅ የሚመልስ አካል የለውም። ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ በየሰፈሩ ባለበት ከተማ፣ በትሩን ጥሎ ሴንሰሩን ብቻ የሚይዝ ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ለዚህ ነው ሴንሰር ብቻ የተገጠመላቸው ጫማዎች፣ ቀበቶዎችና መነጽሮች በኤግዚቢሽን ላይ ሲጨበጨብላቸው መንገድ ላይ የማይታዩት።

ኪስ ውስጥ ያለው መሣሪያ

ርካሽ ቴክኖሎጂ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስማርት ስልክን ነው፤ እውነትም አለው። በ2009 አፕል በአይፎን ላይ ማያውን የሚያነብ ቮይስኦቨርን፣ አንድሮይድም ቶክባክን ካስገቡ ወዲህ፣ ማየት የተሳነው ሰው ሌላው ሁሉ የሚገዛውን ስልክ ገዝቶ መጠቀም ቻለ። በ2015 ከዴንማርክ የተነሣው ቢ ማይ አይስ የተባለ መተግበሪያ በቪዲዮ ጥሪ ፈቃደኛ ሰው እንዲያይለት ያደርጋል። የማይክሮሶፍት ሲይንግ ኤአይ ከ2017 ጀምሮ፣ የጉግል ሉክአውት ከ2019 ጀምሮ ካሜራ ያየውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተርጉመው ይናገራሉ። የመድኃኒት ብልቃጥ ለመለየት፣ የቢሮ ቁጥር ለማወቅ፣ ገንዘብ ለመቁጠር ትልቅ እፎይታ ናቸው።

ለመንገድ ግን ስልክ ብቻውን አይበቃም። አንድ እጅ በትር ይዟል። ሌላው እጅ ስልክ ወደ ፊት ዘርግቶ ከሄደ የሚይዝበት፣ የሚደገፍበት እጅ አይተርፈውም፤ ለነጣቂም ይመቻል። የጂፒኤስ ስህተት ጥቂት ሜትር ነው፤ መኪና ለሚነዳ ሰው ኢምንት የሆነው ጥቂት ሜትር ለእግረኛው በእግረኛ መንገዱና በመኪናው መንገድ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ባትሪና የኢንተርኔት ወጪም አለ።

ሌላም ስጋት አለ። ማይክሮሶፍት በ2018 ሳውንድስኬፕ የተባለ፣ በአካባቢው ያሉ ቦታዎችን በድምፅ አቅጣጫ የሚያመለክት መተግበሪያ በነጻ አወጣ፤ ተጠቃሚዎች ወደዱት። በ2023 መጀመሪያ ኩባንያው አቆመው። የፕሮግራሙን ኮድ ግን ለሕዝብ ክፍት ስላደረገው ሌሎች ወገኖች ተቀብለው ቀጠሉበት። ኮዱ ባይከፈት ኖሮ ብዙዎች ጉዟቸውን የገነቡበት መሣሪያ በአንድ ውሳኔ ይጠፋባቸው ነበር። ርካሽነት ሲለካ የዛሬ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ መኖር አለመኖሩም ይቆጠራል።

ስንት ቁጥር ነው?

እንቅፋትን ማለፍ የጉዞ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሚፈልጉትን መኪና መያዝ ነው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆመ ማየት የተሳነው ሰው አውቶቡሱ መምጣቱን በድምፁ ያውቃል፤ ቁጥሩን ግን ሰው ካልነገረው አያውቅም። አጠገቡ ሰው ከሌለ፣ ወይም ሦስት አውቶቡሶች ተከታትለው ከደረሱ፣ የእሱ የትኛው ነው?

የዴልሂው ቡድን ለዚህም ኦንቦርድ የተባለ መሣሪያ ሠራ። ተሳፋሪው በእጁ የያዘውን ትንሽ መሣሪያ ሲጫን በአካባቢው ያሉ አውቶቡሶች በሬዲዮ ሞገድ የመስመር ቁጥራቸውን ይልካሉ፤ መሣሪያውም በድምፅ ይነግረዋል። የሚፈልገውን ሲመርጥ በአውቶቡሱ በር ላይ የተገጠመ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል። ተሳፋሪው ያንን ድምፅ ተከትሎ በሩን ያገኛል። መሣሪያው በዴልሂና በሙምባይ አውቶቡሶች ላይ ተሞክሯል። እዚህ ላይ የአንድ ሰው መሣሪያ ብቻውን አይበቃም፤ የአውቶቡስ ድርጅቱም በየተሽከርካሪው ላይ ማስገጠም አለበት።

መንገዱ ራሱ የሚናገርበት ዘዴ ከዚህም ይቀድማል። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ በ1965 በእግር የሚዳሰስ ንጣፍ ፈጠሩ፤ በ1967 በኦካያማ ከተማ በአንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ መጀመሪያ ተነጠፈ። ረጃጅሙ መስመር ቀጥል ማለት ነው፤ ክብ ክቡ ነጥብ ቁም። ባትሪ የለውም፤ ተጠቃሚውን ምንም አያስከፍልም። ዛሬ በመላው ዓለም የባቡር ጣቢያዎችና የእግረኛ መንገዶች ይታያል፤ በአዲስ አበባ በቅርቡ በተሠሩ የእግረኛ መንገዶች ላይም ቢጫው ንጣፍ ገብቷል። ንጣፉ የሚጠቅመው ግን መጨረሻው ምሰሶ ላይ ካልሆነ፣ በላዩም መኪናና ሸቀጥ ካልቆመበት ነው።

ወደ አገር ቤት

በኢትዮጵያ በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የእይታ ድካም ያለበት መሆኑን አሳይቷል። ለዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ነበር፤ ትራኮማ ያስከተለው ጠባሳም ከ11 በመቶ በላይ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ስለ በትር ከመነጋገር በፊት የሚነገር ነገር አለ፤ የሞራ ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ ብርሃን ይመልሳል፤ የትኛውም ሴንሰር አይተካውም። በትሩ ሕክምና ለማይመልሰው ነው።

ለእነዚህ ዜጎች የሕግ መሠረቱ ተጥሏል። የ2009ኙ የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዟል። በ2010 አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች፤ ስምምነቱ አባል አገሮች የመንቀሳቀሻ መሣሪያዎች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገኙ እንዲሠሩ ያስገድዳል። ከ1960 ጀምሮ የቆየው የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማህበርም አለ። የሠለጠነ ወጣት መሐንዲስ አለ፤ ርካሽ ሴንሰርና ስልክ ጠጋኝ አለ። ሕንድ ውስጥ የተገናኙት ወገኖች እዚህም በየፊናቸው ይገኛሉ።

የጎደለው መገናኘታቸው ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ብዙ ጊዜ ዓይኑን በጨርቅ ያሰረ ተማሪ ሞክሮት፣ ነጥብ ተሰጥቶበት፣ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ዓይኑን ለአሥር ደቂቃ የሸፈነ ሰው ደግሞ ስለ መፍራት እንጂ ስለ መጓዝ አይነግርም። በትር ይዞ ሃያ ዓመት የሄደ ሰው የሚያውቀውን አያውቅም፤ የትኛው ንዝረት ይጠቅማል፣ የትኛው ያሰለቻል፣ መርካቶ ውስጥ ርቀቱ ስንት ሜትር ላይ መገደብ አለበት፣ የሚለውን የሚመልሰው ያ ሰው ነው። ዴልሂ ውስጥ ተጠቃሚዎቹ ከጅምሩ እንደተጠየቁት ሁሉ፣ ያ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በክፍያ አማካሪ ሆኖ ቢቀመጥ ሥራው ከናሙና ያልፋል።

መሣሪያ ለሚገዛ ወይም ለሚለግስ ድርጅትም ከዋጋው በፊት የሚነሱ ጥያቄዎች አሉ። በተራ በትር ላይ ይሰካል ወይስ በትሩን ያስጥላል? ሲበላሽ መርካቶ ወይም ባሕር ዳር ያለ ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል? ባትሪው አገር ውስጥ ከሚገኘው ዓይነት ነው? መብራት በጠፋበት ሳምንትስ? መመሪያው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች በድምፅ ተቀርጿል? ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር ስንት ቀን የጉዞ ሥልጠና ይሰጣል፤ ማንስ ይሰጣል? ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ልገሳ መቶ በትር ከሚያድል፣ ሃምሳ ብቻ ገዝቶ በቀሪው ገንዘብ አሠልጣኝ ቢቀጥር ብዙ ሰው መንገድ ላይ ይወጣል። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በግዢ ሰነዱ ላይ ከጅምሩ ሲጻፍ፣ አቅራቢው እጀታውን ብቻ ሳይሆን መለዋወጫውንና ሥልጠናውን ጨምሮ ዋጋ ማቅረብ ይገደዳል፤ ገዢውም የቱ በትክክል ርካሽ እንደሆነ ማወዳደር ይችላል።